ከስህተቱ እስከ አራሚው፦ የዳባት መረጃ ሰብሳቢዎችና የታብሌቶቻቸው ታሪክ

በ1989 ዓ.ም. የያኔው የጎንደር ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ በዳባት ወረዳ የሥነ ሕዝብና የጤና ክትትል ጣቢያ ሲከፍት የሥራው መሣሪያ ወረቀትና እስክሪብቶ ነበር። ወረዳዋ የተመረጠችው ደጋውንም ወይና ደጋውንም ቆላውንም አንድ ላይ ስለያዘች ነው። የምትገኘው ከጎንደር በስተሰሜን 75 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከወገራ ሜዳ ወደ ስሜን ተራሮች ግርጌ በሚያሻግረው ምድር ላይ ነው። ኮሌጁ በ1947 የሕዝብ ጤና ማሠልጠኛ ሆኖ ከተቋቋመበት ጊዜ ጀምሮ ተማሪዎቹን ወደ ገጠር ማውጣት ልማዱ ነበር፤ የዳባቱ ሥራ ግን ከልምምድ ያለፈ ነው። በተመረጡት ቀበሌዎች እያንዳንዱ ቤት ቁጥር ይሰጠዋል፤ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን አገባ፣ ማን ከሌላ አገር መጣ፣ ማን ለቆ ሄደ የሚለው በየስድስት ወሩ ይጠየቃል። ሰው ሲወለድና ሲሞት በአብዛኛው በመዝገብ በማይሰፍርበት አገር፣ ስለ ገጠሩ ሰው ዕድሜና የሞት ምክንያት በእርግጠኝነት መናገር የሚቻለው እንዲህ ያለ ትዕግሥት ካለ ብቻ ነው።

በወረቀቱ ዘመን አንድ ስህተት ይሄድበት የነበረውን መንገድ ልብ ብሎ መከተል ይገባል። መረጃ ሰብሳቢው ደክሞት የአንድን ሕፃን የሞት ቀን ከተወለደበት ቀን አስቀድሞ ቢጽፍ ወረቀቱ ዝም ብሎ ይቀበለዋል። ተቆጣጣሪው ማታ ቅጾቹን ሲያገላብጥ ካላየው ስህተቱ ከሌሎች ቅጾች ጋር ታስሮ ወደ ኮምፒውተር ጸሐፊው ይሄዳል። የቤተሰብ ምዝገባ ሶፍትዌሩ ሁለቱን ቀኖች አስተያይቶ አልቀበልም የሚለው እዚያ ሲደርስ ነው። ከዚያ ቅጹ ወደ ቀበሌው ተመልሶ ያ ቤት እንደገና መንኳኳት አለበት። በመሐሉ ሳምንታት ያልፋሉ፤ እናቲቱ ወደ ወላጆቿ ሄዳ ይሆናል፤ ወይም ያን ሐዘን ዳግመኛ መናገር አትፈልግም። እዚህ ላይ የማራምደው ሐሳብ የሚነሣው ከዚህ ነው። የዳባት የመረጃ ሥራ ታሪክ፣ ስህተቱ በተፈጠረበት ቦታና ስህተቱን ማረም በሚችለው ሰው መካከል ያለው ርቀት የሚያጥርበትና የሚረዝምበት ታሪክ ነው። ታብሌቱ አንዱን ዓይነት ስህተት ወደ አራሚው አቀረበ፤ ሌላውን ዓይነት ግን ወረቀት በማያውቀው መጠን አራቀው። ይህን ሁለተኛውን ርቀት ያልቆጠረ ዕቅድ የሥራውን ግማሽ ዘንግቷል።

ጣቢያው በ2000 ገደማ ሕዝቡን እንደገና ቆጥሮ መሠረቱን ሲያድስ፣ ከዳባት እጅግ በራቀችው ሲያትል ከተማ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር መምህሩ ጌታኖ ቦሪየሎና ተማሪዎቹ አንድ መሣሪያ እየቀረጹ ነበር። ከተማሪዎቹ አንዱ ጋናዊው ያው አኖክዋ ነው። መሣሪያው ኦፕን ዳታ ኪት፣ በአጭሩ ኦዲኬ ተባለ። ዋና ሐሳቡ ቀላል ነው፦ አፑ አንድ ጊዜ ስልኩ ላይ ይጫናል፤ ቅጹ ግን ከአፑ ተለይቶ ይጻፋል፣ ይለወጣል፣ ይላካል። ስለዚህ የጤና ባለሙያ ኮድ መጻፍ ሳይችል በኤክሴል ሰንጠረዥ የራሱን መጠይቅ ማዘጋጀት ይችላል። ሁለተኛው ሐሳብ ለስሜን ግርጌ ይበልጥ ይጠቅማል፤ ኔትወርክ ባይኖርም ቅጹ ተሞልቶ ስልኩ ላይ ይቀመጣል፣ ኔትወርክ ሲገኝ ይላካል። እያንዳንዱ የተሞላ ቅጽ የራሱ መለያ ቁጥር ስላለው፣ መላኩ በመሐል ተቋርጦ ቢደገም እንኳ ሰርቨሩ አንዱን ቤት ሁለት ጊዜ አይመዘግብም። መሣሪያውን የሠሩት ሰዎች የኔትወርክ መቆራረጥን የዘወትር ሁኔታ አድርገው ነው የተነሡት፤ ከዚያ በኋላ ለተሠሩት ብዙ የመስክ አፖች አርአያ የሆነውም ይህ ይመስለኛል።

ከተከዜ ማዶ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ለአዋላጆች በኦዲኬ ቅጾች የተጫኑ ስማርት ስልኮችን ሰጥተው ሞክረው ነበር። በ2007 ያሳተሙት ጽሑፍ ሥራው ፈተና ያለበት ነገር ግን የሚቻል መሆኑን በርዕሱ ጭምር ተናገረ። ዳባት ግን ሌላ ጥያቄ ነበራት። ሃያ ዓመት ገደማ የዘለቀ ክትትል ከወረቀት ወደ ታብሌት ሲዞር ጥራቱ መሻሻሉን ማመን ብቻውን አይበቃም፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ መለካት ያስፈልጋል።

የጊዜው አጋጣሚ የሚገርም ነው። በመጋቢት 2008 መጨረሻ ጉግል አፕ የሚሠራበትን አንድሮይድ ስቱዲዮ ሁለትን ከአዲስ ኢሙሌተር፣ ማለትም በኮምፒውተር ላይ ስልክን ከሚያስመስል ፕሮግራም፣ ጋር አወጣ። ከዚያ በፊት የነበረው ኢሙሌተር የስልኩን ፕሮሰሰር በላፕቶፑ ፕሮሰሰር ላይ እያስመሰለ የሚሠራ፣ ለመነሣት እንኳ ደቂቃዎች የሚፈጅ ነበር። አዲሱ በፍጥነቱ ከእውነተኛ ስልክ የሚስተካከል ሆነ፤ የባትሪውን መጠን ዝቅ ማድረግ፣ ኔትወርኩን ወደ ዘገምተኛው ኤጅ ማውረድ፣ የጂፒኤስ ቦታ መቀየር በአንድ መስኮት ላይ ተቻለ። አፕ የሚሠራ ሰው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ስሜን ያለ ስልክ የሚሆነውን ማየት ቻለ የሚል ተስፋ ተስፋፋ። ከወር በላይ ጥቂት ቀን እንዳለፈ፣ ከግንቦት 2 እስከ ግንቦት 26 ቀን 2008፣ 12 መረጃ ሰብሳቢዎች በዳባት የክትትል ቀበሌዎች ተሰማሩ። በስድስት ቡድን ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ አንዱ ታብሌት ሌላው ወረቀት ይዞ፣ ኮምፒውተር ባወጣው ዕጣ መሠረት መሣሪያ እየተቀያየሩ ሠሩ። ጥናቱን የመሩት የጎንደር ዩኒቨርሲቲው አትንኩት አላምረው ዘለቀና ባልደረቦቹ ናቸው፤ ከጀርመን የመጡ ተመራማሪዎችም አብረው ነበሩ፤ ውጤቱ በ2011 ታተመ።

መሣሪያ መቀያየሩ የጥናቱ ብልሃት ነው። ታብሌት የያዘው ሰው ጎበዝ፣ ወረቀት የያዘው ሰነፍ ሆኖ ቢገኝ ልዩነቱ የመሣሪያው ይሁን የሰውየው መለየት አይቻልም ነበር፤ ሁለቱም በየተራ ሁለቱንም ሲይዙ ግን ልዩነቱ የመሣሪያው ይሆናል። በእያንዳንዱ መሣሪያ 1246 የተሟሉ መጠይቆች ተሰበሰቡ። ከወረቀቶቹ 522ቱ፣ ማለትም 41.89 በመቶው፣ ቢያንስ አንድ የጥራት ስህተት ነበረባቸው፤ ከታብሌቶቹ 385ቱ፣ 30.89 በመቶው። በአጠቃላይ ሲሰላ የስህተቱ መጠን በወረቀት 1.67 በመቶ፣ በታብሌት 0.60 በመቶ ሆነ። መጠይቁ በአንድ ጥያቄ በረዘመ ቁጥር፣ ከታብሌቱ ጋር ሲነጻጸር በወረቀቱ ላይ ተጨማሪ ስህተት የመኖሩ ዕድል በ1.015 ይባዛል። ይህ ቁጥር ለብቻው ሲታይ ትንሽ ይመስላል፤ ሃምሳ ጥያቄ ሲጨመር ግን ብዜቱ ከእጥፍ ያልፋል። ረጅም መጠይቅ ለሚወዱ አጥኚዎች ከዚህ የበለጠ ማስጠንቀቂያ የለም።

እዚህ ላይ ሊነሣ የሚገባው ተቃውሞ፣ ከ41.89 ወደ 30.89 መውረድ ያን ያህል የሚያስደስት ነው ወይ የሚል ነው። ከታብሌቶቹ መጠይቆች ከሦስት አንድ የሚሆነው አሁንም ስህተት አለበት፤ ለዚህ ሲባል መሣሪያ መግዛት፣ ሰርቨር ማቆም፣ ሰው ማሠልጠን ያዋጣል? ተቃውሞው ክብደት ያለው ነው፤ ነገር ግን ሁለት ነገሮችን ያደባልቃል። አንድ ስህተት ያለበት ቅጽና አሥር ስህተት ያለበት ቅጽ በዚያ መቶኛ እኩል ይቆጠራሉ። እውነተኛውን ልዩነት የሚያሳየው የስህተቱ መጠን ነው፤ እሱ ደግሞ ወደ ሲሶ ገደማ ወርዷል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ኦዲኬ አንድን ጥያቄ ግዴታ ማድረግ፣ ከተወሰነ ገደብ የወጣ ቁጥርን አለመቀበል፣ የማይመለከተውን ጥያቄ መዝለል ይችላል። ሳምንታት ይፈጅ የነበረው የወረቀቱ የስህተት ጉዞ እዚያው ቤት ደጃፍ ላይ፣ እናቲቱ ፊት፣ በሰከንዶች ያልቃል። የቀሩት ስህተቶች ደግሞ አፑ ሲበላሽ የሚታዩ ዓይነት አይደሉም። ሦስት ዓመት የሆነው ልጅ አራት ተብሎ ሲመዘገብ፣ ጣት ከተፈለገው ምርጫ ቀጥሎ ያለውን ሲነካ ማሽኑ ምንም አይታወቀውም። እንዲህ ያለውን የሚይዘው መንደሩን የሚያውቅ ተቆጣጣሪ ነው፤ በወረቀት ዘመን የነበረው ያ ሰው በታብሌት ዘመንም አስፈላጊነቱ አልቀነሰም።

መረጃ ሰብሳቢዎቹ ራሳቸው መሣሪያውን ወደዱት። ለአጠቃቀም ምቾት በሚሰጠው የታወቀ መመዘኛ ከ100 ነጥብ 85.6 ሰጡት፤ በዚያ መመዘኛ 68 አማካይ ተደርጎ ይወሰዳል። ሆኖም በቃል ሲጠየቁ ስህተትን በመቋቋም ረገድ መሣሪያው ደካማ ጎን እንዳለው ተናገሩ። ተመራማሪዎቹም ሲደመድሙ፣ ይህን ሥርዓት ሙሉ በሙሉ የሚተክል ተቋም የማይቋረጥ የኃይል ምንጭ፣ ደህና ኢንተርኔት፣ በአቅራቢያ የሚጠብቅ የቴክኒክ ድጋፍና ለመሣሪያው ተሸካሚ የደህንነት ዋስትና ማሰብ አለበት አሉ። የዚህን ጥናት ቁጥሮች የሚጠቅሱ ብዙ ናቸው፤ ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር የሚጠቅሱት ግን ጥቂት ናቸው። ለእኔ የጥናቱ ትልቁ ግኝት እሱ ነው። ከአራቱ አንዱም በኢሙሌተር ላይ አይታይም። ኢሙሌተር ባትሪውን አሥር በመቶ ማድረግ ይችላል፤ መብራት ጠፍቶ ያደረበትን ጎጥ ግን አያውቅም። ኔትወርኩን ያዘገያል፤ ስልኩ ውድ ዕቃ መሆኑን አይተው የሚከተሉትን ሰዎች የሚፈራ መረጃ ሰብሳቢ ታብሌቱን ከቦርሳው ማውጣት እንደሚያመነታ ግን ሊያስመስል አይችልም።

ቅድም ሌላው ዓይነት ስህተት ራቀ ያልኩት ይህን ነው። እስክሪብቶ ቢደርቅ ሌላ እስክሪብቶ አለ፤ ወረቀት ቢቀደድ በቴፕ ይለጠፋል፤ ለዚህ ባለሙያ አያስፈልግም። ታብሌቱ ግን ቅጹን አልከፍትም ሲል፣ ወይም የተሞላው ቅጽ አልላክ ሲል፣ ምክንያቱ ከብዙ አንዱ ነው፦ ማስቀመጫው ሞልቶ ይሆናል፤ ሰርቨሩ ላይ ቅጹ ታድሶ እዚህኛው መሣሪያ ላይ አሮጌው ቀርቶ ይሆናል፤ የመሣሪያው ሰዓትና ቀን ተዛብቶ ይሆናል፤ ወይም ስልኩ ባትሪ ለመቆጠብ ብሎ ከበስተጀርባ ያለውን ሥራ አቋርጦት ይሆናል። ሁሉም ለመረጃ ሰብሳቢው የሚታዩት በአንድ መልክ ነው፤ እንቢ ብሎኛል። የትኛው እንደሆነ ለመለየት የመሣሪያውን ሎግ፣ ማለትም የውስጥ የሥራ መዝገቡን፣ ማንበብ የሚችል ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ከሆነ በቤት ደጃፍ በሰከንዶች ያለቀው ጥቅም በመንገድ ላይ በቀናት ይመነዘራል። አፑ ሲወድቅ በራሱ ወደ ሠሪው ሪፖርት የሚልክ መሣሪያ አለ፣ ሰው መላክ ለምን ያስፈልጋል የሚል ይኖራል። መልሱ አጭር ነው፤ ሪፖርቱም የሚላከው በዚያው ኔትወርክ ነው፤ ደግሞም እንቢ ካሰኙት ምክንያቶች ብዙዎቹ አፑን የሚጥሉ አይደሉም።

ከእነዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚያስተምረው የቀኑ ነገር ነው። የዳባት ገበሬ ልጁ የተወለደው ጳጉሜን 3 ነው ቢል ታብሌቱ የሚያቀርብለት የቀን መምረጫ አሥራ ሦስተኛ ወር የለውም። መረጃ ሰብሳቢው በልቡ አስልቶ ወደ ፈረንጆቹ ቀን ይመልሳል፤ በየቀኑ ብዙ ቤት እየዞረ፣ በየቤቱ ብዙ ቀን እያሰላ። ሰባት ዓመት ይደመር ወይስ ስምንት የሚለው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መገባደጃና ከዚያ ወዲህ ይለያያል። የጳጉሜን ርዝመትም በአራት ዓመት አንዴ ይቀየራል። በዚህ መንገድ የሚገባ ስህተት ከገደብ አይወጣም፤ ሎጂኩን ሁሉ አልፎ እውነት መስሎ ይቀመጣል። ካሊፎርኒያ ወይም ሲያትል ውስጥ በኢሙሌተር የሚሞክር ሰው ይህን ስህተት ሺህ ጊዜ ቢሞክር አያገኘውም፤ ለእሱ ቀኑ ትክክል ነው። ኋላ ግን ኦዲኬ የኢትዮጵያን አቆጣጠር የቀን መምረጫ ጨመረ፤ ኮምኬር የተባለው ሌላው አፕም እንዲሁ አለው። ቅጹ ላይ አንድ ቃል በመጻፍ ብቻ ወሮቹ መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር እያሉ ይመጣሉ፤ መሣሪያው በስውር ለውጦ ያስቀምጠዋል። ሥራው ከባድ አልነበረም። እጥረቱ ከመስክ ተነሥቶ እስከ ሠሪው ጆሮ የሚደርስ ድምፅ ነበር።

አገር አቀፉ ሥራ ይህን ትምህርት በትልቅ መጠን አሳየው። አራተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በታብሌት እንዲካሄድ ተወስኖ የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ወደ 180 ሺህ የሚደርስ ታብሌትና 126 ሺህ ፓወር ባንክ ገዛ። ፓወር ባንኩ መታሰቡ በራሱ የመስኩን እውነት ያወቀ ሰው እንደነበረ ያመለክታል። ለኅዳር 2010 የተያዘው ቆጠራ ግን በጸጥታ ምክንያት ደጋግሞ ተራዘመ፤ በሰኔ 2011 ሁለቱ ምክር ቤቶች ለአንድ ዓመት አራዘሙት፤ ከዚያም ሳይካሄድ ቀረ። መጋዘን የገባ ወረቀት ከዓመታት በኋላም ወረቀት ነው። ታብሌት ግን ባትሪው ሳይሞላ ሲቆይ አቅሙን ያጣል፤ የአንድሮይዱ ስሪትም ያረጃል፤ ያኔ ተፈትኖ የነበረው አፕ እንደገና በየመሣሪያው ላይ መፈተሽ አለበት።

በዚያው ሰሞን ጤና ሚኒስቴር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን የቤተሰብ ማህደር ወደ ታብሌት የሚያዞረውን ኢ-ቺስ የተባለ ሥርዓት በኮምኬር ላይ መሥርቶ ጀመረ። ይህ ከዳባቱ ሙከራ በአንድ ነገር ይለያል፤ መሣሪያውን የያዘችው ቅጽ ሞልታ የምትሄድ ጠያቂ አይደለችም፣ ነፍሰ ጡሯን የምትከታተል፣ ሕፃኑን የምትከትብ ባለሙያ ናት። ታብሌቱ እንቢ ባላት ቀን የሚቆመው ሥራ እናትና ልጅን የሚነካ ነው። ስለዚህ በብዙ ቦታ ወረቀቱም ጎን ለጎን ቀጥሏል፤ አንዱን ነገር ሁለቴ መጻፍ። ይህን የለውጥ ጥላቻ ብለው የሚወቅሱ አሉ። እኔ እንደዚያ አላየውም። የሚጠግንላት ሰው በቅርብ የሌላት ባለሙያ ወረቀቷን አለመጣሏ ማስተዋል ነው፤ የጥገናው ሰው ሲመጣ ወረቀቱ በራሱ ጊዜ ይቀራል።

መብራቱና ኔትወርኩ ሲሟሉ ይህ ሁሉ ያልፋል የሚለው ተስፋ ለረጅም ጊዜ ጠንካራው መከራከሪያ ነበር። የኋለኞቹ ዓመታት ግን ፈተኑት። በነሐሴ 2013 መጨረሻ የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ዳባት ወረዳ ገብቶ በጭና ተክለሃይማኖት ነዋሪዎች ተገደሉ። በሐምሌ 2015 መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ መቋረጡም ለብዙ ወራት ዘለቀ። ምሰሶው ቆሞ፣ ስልኩ ሞልቶ፣ አፑ ደኅና ሆኖ ሳለ ቅጹ አይሄድም። መሠረተ ልማት መሟላቱ የሚቋረጥበትን ቀን አያስቀርም፤ ስለዚህ አቅራቢያ ያለ ባለሙያ መሠረተ ልማት እስኪመጣ የሚያገለግል መሸጋገሪያ ተደርጎ መታሰብ የለበትም። ደግሞ ሥራው ያለ ኔትወርክም ይቻላል። ብሪፍኬዝ የተባለው የቀድሞው የኦዲኬ ፕሮግራም የተሞሉ ቅጾችን ከታብሌቱ በዩኤስቢ ኬብል ወደ ላፕቶፕ ያወጣ ነበር፤ ኤዲቢ የተባለው የአንድሮይድ መሣሪያም በዚያው ኬብል የስልኩን ሎግ ያነባል፣ አፑን ነቅሎ አዲሱን ይጭናል። አንዱም ኢንተርኔት አይጠይቅም። የሚጠይቁት አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ኬብልና ሁለቱን ፕሮግራሞች የሚያውቅ ሰው ነው። ያንን ሰው ለማሠልጠን ዛሬ ወደ ጎንደር እንኳ መውረድ አያስፈልግም፤ በ2010 ተማሪ መቀበል የጀመረው የደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ከዳባት በሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ነው። በበጀት ሰነዶች ላይ ታብሌቱ በቋሚ ዕቃ ስም፣ ሥልጠናው በአንድ ጊዜ ወጪ ስም ይሰፍራሉ፤ የዚህ ሰው ደመወዝ ደግሞ በቋሚ ሥራ ማስኬጃ ውስጥ፣ በየዓመቱ፣ ታብሌቱ እስካለ ድረስ መስፈር አለበት።